ገብስ ነው፣ ስንዴ ነው ወይስ ሲናር? ለአዳማና ለአሰላ መንገድ አራሾች የመለያ መመሪያ

አዳማ የገብስ አገር አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በዙሪያዋ የሚታረሰው በአብዛኛው ጤፍ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄና ስንዴ ነው። ገብስ ብርድ ይወዳል። ቤቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በቆጂን በመሰለ ደጋ ደግሞ ከማንም በላይ የሚታመን እህል ነው። ሆኖም የአርሲ እህል ወደ መሐል አገር ሲወርድ በአዳማ ያልፋል። ከአይሱዙ ላይ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ፣ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ የተጠረገ፣ ለዶሮ ተበትኖ የተረፈ ፍሬ የክረምቱን ዝናብ ሲያገኝ ብቅ ይላል። በአዋሽ ዳር በመስኖ ስንዴ የሚዘሩም ከደጋ ባመጡት ዘር መካከል ያልጠበቁትን ሳር ያያሉ።

ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፤ ይነቀል ወይስ ይቆይ? መልሱ ተክሉ ማን እንደሆነ በማወቅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ግራ የሚያጋቡት በዋናነት አራት ናቸው፦ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሲናርና እንክርዳድ። ሙጃ፣ አሰንዳቦና ሌሎችም አሉ፤ እነሱ ግን ብዙ አያታግሉም፣ ወደ ኋላ በአጭሩ እመጣባቸዋለሁ።

ብዙ ሰው በጺሙ ይፈርዳል። ረጅም ጺም ካየ ገብስ፣ አጭር ወይም ጺም አልባ ከሆነ ስንዴ ይላል። ይህ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንደኛ፣ ጺም የሚወጣው ዛላው ሲወጣ ነው፤ ያኔ አረሙ የሚበላውን ማዳበሪያ በልቶ፣ የሚጠጣውን ውሃ ጠጥቶ ጨርሷል። ሁለተኛ፣ በአገራችን ረጅም ጥቁር ጺም ያለው የዱረም ስንዴ ሞልቷል፤ በሌላ በኩል ጺም የሌለው ገብስም አለ። ስለዚህ በጺም መፍረድ ይቅርና ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንይ። እዚያ ቦታ ያለው ምልክት ተክሉ ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ያስለያል።

ከጆሮው ይጀመር

ሦስት ወይም አራት ቅጠል ያወጣ ተክል ይመረጥ። አንድ ቅጠል ብቻ ባለው ቡቃያ ላይ ጆሮው ገና አይለይም፤ ባረጀው የታችኛው ቅጠል ላይ ደግሞ ደርቆ ረግፎ ይሆናል። ከላይ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን ቅጠል ይዞ ከአገዳው ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለስ ማድረግ ነው። የሚታዩት ነገሮች ሦስት ናቸው። አገዳውን የሚጠቀልለው የቅጠሉ ክፍል ሰገባ ይባላል። ሰገባው ከቅጠሉ በሚገናኝበት ውስጠኛ ጎን የቆመችው ስስ ሽፋን ምላስ ናት። ከግራና ከቀኝ ወጥተው አገዳውን የሚያቅፉት ሁለት ቀንድ መሰል ነገሮች ደግሞ ጆሮዎች ናቸው።

የገብስ ጆሮዎች ረጅም ናቸው። አገዳውን ዞረው ከፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ ብዙ ጊዜም አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ፈዘዝ ያለ ነጭ ወይም አረንጓዴ ናቸው፤ በአንዳንድ ዝርያ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ይታይባቸዋል። ከሁሉም በላይ ግን ጸጉር የላቸውም። ምላሱ አጭር ነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

የስንዴ ጆሮዎች አጠር ያሉ ናቸው፣ አገዳውን ሙሉ በሙሉ አያቅፉም፤ ጠርዛቸው ላይም ቀጭን ጸጉር አለ። ጸጉሩ በዓይን ካልታየ ተክሉን ወደ ፀሐይ አቅንቶ ማየት ነው፤ የስልክ ካሜራም አቅርቦ ያሳያል። የስንዴ ቅጠልና ሰገባ ራሱ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ጸጉር አለው፤ የገብስ ግን ባብዛኛው ልሙጥ ነው።

ሲናርና አጃ ጭራሽ ጆሮ የላቸውም። በምትኩ ምላሳቸው ትልቅ ነው፤ ነጭ፣ ከፍ ብሎ የሚታይ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ። ይህን ለይቶ ያየ ሰው ሲናርን ከገብስ ጋር ዳግመኛ አያምታታም። እንክርዳድ ጆሮ አለው፣ ግን ቀጭንና ትንሽ ነው፤ አገዳውን ለማቀፍ አይበቃም።

ጆሮውን አይቶ የተጠራጠረ ሰው ተክሉን ከሥሩ ይንቀለው፤ በእጅ ሳይሆን በመቆፈሪያ፣ አፈሩ ሳይራገፍ። በወጣት ተክል ሥር ላይ የበቀለበት ፍሬ ልጣጭ ገና ተጣብቆ ይገኛል። ልጣጩ ከነቅርፊቱ ጠንካራና ሁለቱም ጫፉ የሾለ ከሆነ ገብስ ነው። ቅርፊት የሌለው ስስ ልጣጭ ከሆነ ስንዴ ነው። ጠቆር ያለ፣ በፍሬው ታችኛ ጫፍ ጸጉር ያለው ከሆነ ሲናር ነው። ለእኔ ከሁሉም ምልክት የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ቅጠል በድርቅም በማዳበሪያም መልኩን ይቀይራል፣ ሥሩ ላይ የተንጠለጠለ ፍሬ ግን አይቀይርም። ከበቀለ ሳምንታት ካለፉት ግን ልጣጩ በስብሶ ሊጠፋ ስለሚችል በጊዜ ማየት ይሻላል።

አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ፣ ቁም ነገር ያህል ባልቆጥረውም ይጠቅማል። ከላይ ወደ ታች ሲታይ የገብስና የስንዴ ቅጠል በሰዓት አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ የአጃና የሲናር ደግሞ በተቃራኒው። ብዙ ተክል በአንድ ቦታ ሲኖር ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል፤ በአንድ ተክል ላይ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዛላው ከወጣ በኋላ፦ ገብስና ስንዴ

ቡቃያው ሳይታይ አልፎ ዛላ ላይ ከተደረሰ ጺሙን ትቶ የዛላውን አከርካሪ ማየት ነው። በገብስ አከርካሪ እያንዳንዱ አንጓ ላይ ሦስት አበባዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በስንዴ ግን በአንድ አንጓ ላይ አንድ እሽግ ብቻ ይወጣና በውስጡ ከሁለት በላይ ፍሬ ሊይዝ ይችላል። ዛላውን መሐሉ ላይ ሰብሮ አንድ አንጓ ለይቶ መቁጠር በቂ ነው። ይህ ልዩነት በዝርያ፣ በቀለምም ሆነ በጺም ርዝመት አይለወጥም።

የገብስ ሦስቱም አበባ ፍሬ ከያዘ ዛላው ስድስት ረድፍ ይሆናል። የመካከለኛው ብቻ ፍሬ ከያዘ ሁለት ረድፍ ይሆናል፤ ጠፍጠፍ ያለ መልክም ይኖረዋል። ለቢራ ብቅል የሚዘራው በአብዛኛው ሁለት ረድፉ ነው። በኢትዮጵያ ገብስ ላይ ግን ይህም ሁልጊዜ እንደ መጽሐፉ አይሄድም። የጎን አበባው አንዱ ፍሬ ይዞ ሌላው መክኖ፣ ረድፉ የማይቆጠር ዛላ ይገኛል፤ የጎን አበባው ከነጭራሹ ተመናምኖ ያለ የማይመስልም አለ። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ የገብስና የስንዴ ናሙና ሰብስቧል፤ አገሪቱን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ የቆጠራት ይህን ዓይነቱን ዥንጉርጉርነት አይቶ ነው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ወይን ጠጅ፣ ቅርፊቱ የሚጣበቅ፣ ቅርፊቱ የሚላቀቅ ሁሉ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይገኛል። ለዚህም ነው በዛላው መልክ ከመፍረድ ይልቅ በአንጓው ላይ ያለውን ሦስት መቁጠር የምመርጠው።

ገበያ ላይ ዛላም ቅጠልም የለም፣ ፍሬ ብቻ ነው። ተራ ገብስ ቀላል ነው፤ ቅርፊቱ ፍሬው ላይ ተጣብቋል፣ ሁለቱም ጫፍ ሾል ይላል፣ ጀርባው ላይ መስመር መስመር ይታያል። ከባዱ ጠመዥን የመሰለ፣ ለቆሎ የሚፈለገው፣ ቅርፊቱን በቀላሉ የሚለቀው ገብስ ነው። ተራቁቶ ሲቀርብ ከስንዴ ጋር ይመሳሰላል። ያን ጊዜ የፍሬው ጫፍ ይታይ፤ ስንዴ በአንዱ ጫፉ ላይ ጎላ ያለ አጭር ጸጉር አለው፣ ቅርጹም ክብ ክብ ይላል። ገብሱ ረዘም፣ ጫፉ ሾል ይላል። ስድስት ረድፍ ይሁን ሁለት ረድፍ ማወቅ የፈለገ ደግሞ እፍኝ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ስድስት ረድፉ ውስጥ ከጎን የበቀሉት ፍሬዎች ጠመም ያሉ ስለሆኑ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተጣመሙ ሆነው ይገኛሉ። ሁለት ረድፉ ግን ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። ለብቅል ብሎ የሚገዛ ሰው ይህችን ዘዴ ቢይዝ ከነጋዴ ጋር ብዙ ክርክር ይቀንስለታል።

ሲናር፦ ጠላትም ዘመድም

ሲናር ዛላው ሲወጣ የሚያሳስት አይደለም። ፍሬዎቹ በቀጫጭን ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፤ ገብስና ስንዴ እንዲህ አይሰሩም። የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ የሚረግፍበት ፍጥነት። የዱር ሲናር ፍሬ ሰብሉ ሳይታጨድ ይረግፋል፤ ጺሙ መሐል ላይ የተቆለመመና የተጠመዘዘ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ይዞርና ፍሬውን ወደ አፈር ይገፋዋል። አፈር ውስጥም ለዓመታት ሳይበቅል መቆየት ይችላል። አንድ ዓመት ዘር እንዲያረግፍ የተተወ ሲናር የብዙ ዓመት ሥራ ያመጣል።

እዚህ ላይ የደጋ ገበሬ አስተያየት ከመጽሐፉ ይለያል፣ ልክም ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅል፣ ፍሬው የማይረግፍ የአጃ ዓይነት አለ፤ ሳይንሱም አቬና አቢሲኒካ ብሎ በአገሪቱ ስም ይጠራዋል። ገበሬው ከገብሱ ጋር ያጭደዋል፣ ይወቃዋል፣ ለእንጀራና ለጠላ ያውለዋል። እሱን ከሚረግፈው ሲናር ጋር አንድ አድርጎ መኮነን ተገቢ አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ የበሰለውን ራስ በመዳፍ ውስጥ ጨበጥ አድርጎ ነቅነቅ ማድረግ። ወዲያው የሚረግፍ ከሆነ ይነቀል። አጥብቆ ከያዘ ለራስ ፍጆታ በሚዘራ ገብስ ውስጥ ቢቆይ ብዙ አይጎዳም፤ ለዘር ወይም ለብቅል ፋብሪካ በሚሸጥ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

እንክርዳድ

ከአራቱ ሁሉ ቸል ሊባል የማይገባው እንክርዳድ ነው፤ የሚያሳስበው ምርት መቀነሱ ሳይሆን ጤና ነው። በውስጡ ከሚኖር የፈንገስ ዓይነት ጋር በተያያዘ ፍሬው መርዛማ ሊሆን ይችላል። በዱቄት ወይም በጠላ ውስጥ ሲበዛ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሳይጠጡ ያሰክራል። ፍሬው መጠኑ ከስንዴና ከገብስ ስለሚቀራረብ በወንፊት ሙሉ በሙሉ አይለይም፤ ማሳ ላይ ሳለ መንቀል ከአበጣሪ ድካም ያድናል።

ማሳ ላይ መለያው፦ ቅጠሉ ከስንዴና ከገብስ ጠበብ ይላል፣ የታችኛው ገጽ ያብረቀርቃል። ዛላው ሲወጣ ፍሬ የያዙት እሽጎች በጠርዛቸው ወደ አገዳው ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ የስንዴ እሽግ ግን በሰፊ ጎኑ ነው የሚቀመጠው። በውጭ በኩል ያለው አንድ ሽፋን ረጅም ስለሆነ እሽጉን እስከ ጫፉ ይሸፍነዋል። ጺም ያለውም የሌለውም አለ፤ እዚህም ጺም አይታመንም።

የቀሩት በአጭሩ። ሙጃ ጆሮ የለውም፣ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፣ ራሶቹም ብዙ፣ ቀጫጭንና ጸጉራም ናቸው። አሰንዳቦ ራሱ ድፍን፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ ነው። የስንዴ ባለሙያዎች ብሮመስ የሚሉት ሳር ሰገባው ጸጉራም ሆኖ ጆሮ የለውም፣ ራሱም የተበተነ ነው። ሦስቱም ጆሮ ሲፈለግባቸው ስለማይገኝ ከገብስ ይለያሉ።

ገብስ አረም የሚሆነው መቼ ነው?

ገብስ አስቸጋሪ አረም የመሆን ተፈጥሮ የለውም። የዱር ዘመዱ በመካከለኛው ምሥራቅ ይበቅላል፤ ሲበስል አከርካሪው እየተሰባበረ ዘሩን በራሱ ይበትናል። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ማልማት ሲጀምሩ የማይሰባበረውን መረጡ። ያ ምርጫ ገብስን ከሰው እጅ ጋር አሰረው፤ ወፍ ዘራሽ ሆኖ ቢበቅልም ሰው ካልዘራው ወይም ካላፈሰሰው ዓመታት እየቆጠረ አይስፋፋም። ፍሬውም እንደ ሲናር አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት አይቆይም። ስለዚህ አዳማ ውስጥ በአጥር ጥግ ወይም በመንገድ ዳር ለበቀለ ገብስ መርጫ ጀርባ ላይ ማንጠልጠል አያስፈልግም። ጺም ከማውጣቱ በፊት አጭዶ ለበግ ወይም ለላም መስጠት ይሻላል፤ ጺሙ ከደረቀ በኋላ ሸካራ ስለሆነ የከብት አፍና ድድ ይወጋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የፈሰሰው ፍሬ ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም ከነበረው መድኃኒት የተቀባ ዘር ነውና ፍሬውን ዶሮ እንዳይለቅመው መጥረግና መቅበር ይገባል።

ስንዴ ማሳ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ምርቱን ለወፍጮ ብቻ የሚሸጥ ሰው ጥቂት ገብስ ቢገባበት በዋጋ ላይ ትንሽ ይቀነስበታል እንጂ አይከስርም። ለዘር የሚያመርት ግን ማሳው ሊጣልበት ይችላል፤ በማበጠሪያ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ እጅ በእጅ መንቀል ግድ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በሁለት የዘር ወቅት መካከል ቆሞ የሚቀር ወፍ ዘራሽ ገብስ የክሽክሽ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት፣ መሸሸጊያ ይሆናል። ክሽክሹ የገብስ ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስን ከእሱ ወደ አዲሱ ስንዴ ያደርሳል። የግንድ ዋግም ገብስ ላይ ማደር ይችላል። ቢጫ አቀጭጭ ቫይረሱን በመቋቋም በዓለም የገብስ ማዳቀል ሥራ የሚታወቀው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ሆኖም ከጆንያ የፈሰሰው ሁሉ ጂኑን ይዟል ማለት አይደለም።

ኬሚካልን በተመለከተ ገብስ ገብሱን ብቻ ልናገር። 2,4-ዲ ቅጠለ ሰፊ አረም እንጂ ሳር አይገድልም፤ ገብስንም ስንዴንም አይለይም። አክሲያል የተባለው የሳር አረም መድኃኒት ስንዴም ገብስም ላይ ስለሚረጭ ሲናርን ይመታል፣ ገብሱን ግን ይተወዋል። ፓላስ የተባለው ሌላው መድኃኒት የስንዴ ነው፤ ገብስ ማሳ ላይ አይረጭም፣ ማሳው የስንዴ ይሁን የገብስ ሳይለዩ የረጩ ሰብላቸውን ይጎዳሉ። ስንዴ ውስጥ የገባ ገብስን ይጠርግልኛል ብሎ መግዛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዕቃው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ስሙ ያልተጠቀሰ አረም ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም። ስንዴና ገብስ የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ አንዱን ገድሎ ሌላውን የሚያተርፍ መድኃኒት መፈለግ አድካሚ ነው።

ከኬሚካል ይልቅ ተራ መቀየር ይሠራል። ደጋ ላይ ባቄላ፣ አተር ወይም ጎመንዘር፤ ወደ አዳማ ሲወርድ ቦሎቄ። በቅጠለ ሰፊ ሰብል መካከል የበቀለ ገብስም ሲናርም ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ለማረምም ይቀላል፤ ሰብሉን የማይነኩ የሳር ኬሚካሎችም አሉ። መስኖ ያለው ሰው ደግሞ ከመዝራቱ በፊት ማሳውን አንድ ጊዜ አጠጥቶ የወደቀው ፍሬ ሁሉ እንዲበቅል ማድረግ፣ ከዚያ አርሶ ወይም ኮትኩቶ መዝራት ይችላል። ለገብስ ይህ ብቻውን ብዙ ይጠቅማል፤ ለሲናር ግን ግማሽ መፍትሔ ነው፣ ከአፈር በታች የሚቀረው ብዙ ስለሆነ።

የገብስ ማሳ ውስጥ ስንዴ ሲገባስ? ለበሶ፣ ለገንፎ፣ ለጭኮ ከሆነ ማንም አይጨነቅም። ለብቅል ከሆነ ያስጨንቃል፤ ስንዴ ቅርፊት ስለሌለው ውሃ የሚጠጣበትና የሚበቅልበት ፍጥነት ከገብሱ ይለያል፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካን የመሰለ ገዢም እኩል የሚበቅል ገብስ ነው የሚፈልገው። እዚህ ጆሮውን አይቶ መለየት ገንዘብ ነው፤ አጭር፣ ጸጉራም ጆሮ ያለው ሁሉ ከገብሱ መካከል ይነቀላል።

ዘር ሲገዛ ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉና ከታቹ እፍኝ እፍኝ ወስዶ በነጭ ጨርቅ ላይ መዘርጋት፣ ቅርፊት ያለውንና የሌለውን፣ ጥቁርና ጸጉራሙን ለየብቻ መቁጠር ያስፈልጋል። የተጠራጠረ ተክል ደግሞ ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ሲወሰድ ቅጠል ቆርጦ አይደለም፤ ከነሥሩ፣ ሥሩ ላይ ካለው ፍሬ ጋር፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በዚያው ቀን ይወሰድ። የቆየና የጠወለገ ተክል ጆሮው ተኮማትሮ ስለሚጠፋ ባለሙያውም እንደ ሌላው ሰው ጺም ወደ መፈለግ ይመለሳል።